የሚዋኝ ብረት ለበስ ከሁለት ያጣ ነው ወይ?

በኢንተርኔት መድረኩ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለተፈጠረው ጭቅጭቅ ተጠያቂውም እኔ ነኝ።

የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ከሳንዲያጎ ወደ ሎስ አንጀለስ በሳምንት ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ። አውራ ጎዳናው የማሪኖቹን፣ ማለትም ከባሕር ወደ ምድር የሚያጠቃውን የአሜሪካ ጦር፣ ካምፕ ፔንድልተን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ወደ ሰሜን ስትነዱ በግራ በኩል ባሕሩ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሳጥን የመሰሉ ትልልቅ ነገሮች እየተንገዳገዱ ከውሃው ሲወጡ አየሁ። መጀመሪያ እንደ ጉማሬ አናታቸው ብቻ ነበር የሚታየው። ዳርቻው ላይ ሲደርሱ ግን አሸዋውን እየበተኑ ልክ እንደ መኪና ሄዱ። የኋላዬ ሾፌር ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ ፈዝዤ ቀረሁ።

ማታ ገብቼ ጻፍኩ። ያልኩት ይሄ ነው። አሜሪካኖቹ ለ50 ዓመት ገደማ የነዱት ኤኤቪ-7 የሚባል የሚዋኝ ብረት ለበስ ውሃ ላይ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ተራ የሞተር ጀልባ ይቀድመዋል። መሬት ላይ ሲወጣ ደግሞ እንዲንሳፈፍ ተብሎ ብረቱ የሳሳ ስለሆነ እውነተኛ ታንክ ይበሳዋል። ከጀልባም ከታንክም ያልሆነ፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ነው። ታዲያ ለምን 80 ዓመት ሙሉ ይሠሩታል? ይችን ጥዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ስልኬ ሲንጫጫ አደረ።

የመጀመሪያው መልስ ጨዋ ነበር። ጸሐፊው ጥያቄው ጥሩ እንደሆነ ካመሰገነኝ በኋላ ቀስ ብሎ አረመኝ። ነገሩ ታንክ እንዳልሆነና ሥራው ሰው ማድረስ እንደሆነ አስረዳ። ኤኤቪ-7 ከሦስት ሠራተኞቹ ሌላ ከ20 በላይ ወታደር ይጭናል። ከዚያ ያየሁት ሰንሰለት ነበረው ወይስ ጎማ ብሎ ጠየቀኝ። በ2ኛው ላይ ጎማ እንደነበረው፣ ያውም ስምንት፣ መለስኩለት። እንግዲያው ያየሁት ኤኤቪ ሳይሆን ተተኪው ኤሲቪ ነበር ማለት ነው። በመጀመሪያው ጽሑፌ አንዱን እያየሁ ሌላውን ስሰድብ ነበር።

3ኛው መልስ ረጅም ነው፤ ለኔ ከሁሉም የጣመኝ እሱ ነው። የጻፈችው ሴት ነገሩን ከሥሩ ጀመረችው። እንደ እሷ አባባል ይህ መኪና ሲፈጠር ለጦርነት አልነበረም። ዶናልድ ሮብሊንግ የሚባል የፍሎሪዳ ሀብታም ነበር፤ የብሩክሊንን ድልድይ ያስገነባው የዋሽንግተን ሮብሊንግ የልጅ ልጅ። በፍሎሪዳ አውሎ ነፋስ ሲመታ ረግረጉ ውስጥ የተከበቡ ሰዎች ነበሩ። ጀልባ ጭቃው ላይ ይቆማል፤ መኪና ይሰምጣል። ሮብሊንግ በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለነፍስ አድን ሥራ የሚሆን ባለ ሰንሰለት የአሉሚኒየም ማሽን ሠራና አዞ ብሎ ሰየመው። ብልሃቱ ሰንሰለቱ ላይ ነው። በሰንሰለቱ ላይ ዘንበል ብለው የተበየዱ ቅጠሎች አሉ። መሬት ላይ ይቧጥጣሉ፣ ውሃ ላይ ይቀዝፋሉ። ሌላ መቅዘፊያ የለውም።

በ1937 ላይፍ መጽሔት ፎቶውን አወጣ። ማሪኖቹ ያንን አይተው መጡ። በ1941 የመጀመሪያው የጦር ምርት፣ ኤልቪቲ-1፣ ከፋብሪካ ወጣ። ፋብሪካው የማን ነበር ብትሉ፣ የምግብ ማቀነባበሪያ ማሽን ሲሠራ የኖረ ድርጅት። ስሙም ፉድ ማሽነሪ ኮርፖሬሽን ነው፤ በኋላ ኤፍኤምሲ የተባለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የዚህ ቤተሰብ መኪናዎች በጠቅላላው ከ18,000 በላይ ተሠሩ።

4ኛው ላይ አንዱ የቲማቲም ጣሳ ፋብሪካ የጦር መኪና ከሠራ እኛም ሰፈር ያለው ዘይት መጭመቂያ ሰርጓጅ መርከብ ይሥራልን ብሎ ቀለደ። ብዙ ሰው ሳቀለት።

በ5ኛው ላይ ቀልዱ ቆመ። ጸሐፊው ወደ ታራዋ ወሰደን። ጥያቄዬ መልሱን ካገኘ ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ኖቬምበር 20 ቀን 1943፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ። ቤቲዮ የምትባለው የታራዋ ደሴት በእግር ዳር እስከ ዳር በአንድ ሰዓት የምታልቅ ትንሽ መሬት ናት። ጃፓኖች መሽገውባታል። ዙሪያዋን ከውሃ በታች የኮራል አለት ከቧታል። ማሪኖቹ 125 ኤልቪቲ ብቻ ነበራቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች በእነሱ ተጫኑ፤ አለቱ ላይ ሲደርሱ ሰንሰለታቸው ቧጥጦ አሻገራቸው። ከኋላ የመጡት ግን ሂጊንስ በሚባሉት ጠፍጣፋ ጀልባዎች ላይ ነበሩ። ጀልባዎቹ ለመንሳፈፍ ከአንድ ሜትር በላይ ውሃ ይፈልጋሉ። ያን ቀን ባሕሩ አልሞላም። ጀልባዎቹ አለቱ ላይ ተገተሩ። በሩ ተከፈተ፤ ሰዎቹ ወደ ውሃው ወረዱ። ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ሆነው፣ ጠመንጃቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር በመትረየስ ፊት ተራመዱ። ውጊያው 76 ሰዓት ፈጀ። ከአሜሪካኖቹ ወደ 1,000 ሰው ሞተ።

ጸሐፊው ማጠቃለያ አልጻፈም። ያ ጀልባ ከኔ ጉማሬ ይፈጥናል ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

6ኛው ግን አልተዋጠለትም። ከእነዚያ 125 ኤልቪቲዎች ውስጥ ወደ 90 የሚጠጉት ውጊያው ሲያልቅ ከጥቅም ውጭ ሆነው እንደነበር አስታወሰ። አለቱን ተሻገሩ እንጂ ጥይቱን አልተሻገሩም የሚል ነው ነገሩ። ለብረታቸው መሳሳት ያነሳሁት ነጥብ ልክ እንደነበረም መሰከረልኝ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከ5ኛው በኋላ ደጋፊ ያስፈልገኝ ነበር።

7ኛው የሥነ ፈለክ ወዳጅ ሳይሆን አይቀርም። ባሕሩ ያን ቀን ለምን እንዳልሞላ ነገረን። ጨረቃ ስትጋመስ የባሕር ሙላት ያንሳል፤ ያን ቀን ደግሞ ጨረቃ ከምድር በጣም ከምትርቅበት ቦታ ላይ ነበረች። ሁለቱ ተገጣጠሙ። ይህን በ1987 ቆጥሮ ያወጣው ዶናልድ ኦልሰን የሚባል የቴክሳስ ፊዚክስ መምህር ነው። ከ44 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

8ኛው ስለ ዓይነቶቹ የተጻፈ ሌክቸር ነው። ቢረዝምም ጠቃሚ ነገር አለው። የመጀመሪያዎቹ ኤልቪቲዎች ሞተር ከኋላ ስለነበር ወታደሩ በጎን አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ነበር የሚወርደው፤ ጥይት እየዘነበ። በኤልቪቲ-4 ላይ ሞተሩን ወደ ፊት አመጡትና ኋላው በሙሉ ተዘርግቶ የሚወርድ በር ሆነ። በቃ፣ ይችው ናት። ሞተር ከፊት፣ በር ከኋላ፤ ኤኤቪ-7 ራሱ እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው። ከጎኑም የጦር ልጆቹ ተወለዱ፤ አንዱ ባለ 37 ሚሊሜትር መድፍ፣ ሌላው ባለ 75 ሚሊሜትር ሃውዘር። በ1950ዎቹ ኤልቪቲፒ-5 መጣ። 34 ሰው ይጭናል። ቤንዚኑ ግን ከወለሉ ሥር ነበር። ቬትናም ውስጥ ፈንጂ ሲረግጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ማሪኖቹ ውስጡ መግባት ትተው ጣራው ላይ የአሸዋ ከረጢት ደርድረው ይቀመጡ ጀመር። በ1972 ዛሬ ኤኤቪ-7 የምንለው ሥራ ጀመረ። ውሃውን በሰንሰለት መቅዘፍ ቀርቶ ከኋላ በሁለት የውሃ ጄት መገፋት መጣ። ሰው ከሚጭነው ሌላ የአዛዦች ሬዲዮ የሞላበት አለ፤ የተበላሸውን የሚጎትትና የሚጠግን ባለ ክሬንም አለ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ተሳሳተ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦርነት ያየው በ1991 በባሕረ ሰላጤው ነው አለ።

9ኛው ወዲያው ዘለለበት። ከኢንሳይክሎፒዲያ ገልብጦ ማስተማር ድሮ ቀርቷል፣ ከገለበጡ አይቀር በትክክል መገልበጥ ነው የሚል ነበር ቃናው። ከስድቡ ሥር ግን እውነት አለ። ኤፕሪል 2 ቀን 1982 አርጀንቲና ፎክላንድ ደሴቶችን ስትይዝ የአርጀንቲና ማሪኖች የወጡት በእነዚሁ መኪናዎች ነበር። በማግስቱ ዓመት ደግሞ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ግሬናዳ ወስደዋቸዋል። 8ኛው ጸሐፊ በ10ኛው ላይ ስህተቱን አመነ። ስድቡን ግን አልዋጠውም፤ ከተሳዳቢ መምህር ተሳሳች ተማሪ ይሻለኛል አለና ለሁለት ቀን ጠፋ።

11ኛው ላይ አንድ አባት ገቡ። በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ግንባር ቢቲአር-60 የሚባለው የሶቪየት ብረት ለበስ ሾፌር እንደነበሩ ጻፉ። ጣራ ላይ ስለመቀመጥ የተባለውን አንብበው ነው የመጡት። ለዚህ ቬትናም ድረስ መሄድ አያስፈልግም አሉ። የእሳቸውም ልጆች ውስጥ አይገቡም ነበር። ኦጋዴን ቀትር ላይ ያ ብረት ምጣድ ነው፤ እንጀራ ይጋግራል። ፈንጂውም አለ። ደግሞ ቢቲአር-60 እንደ አሜሪካኖቹ ትልቅ የኋላ በር የለውም፤ መውጫው በጣራው ክዳንና በጎን ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። መውጣቱ እንደዚያ ከሆነ ለምን ገባሁ ይላል ወታደሩ። ከሁሉም የገረመኝ የሞተሩ ነገር ነው። ባለ 90 ፈረስ ጉልበት ሁለት የቤንዚን ሞተር ጎን ለጎን አለው። አንዱ ሲታመም በሌላው እያነከሱ ቤት ይገባሉ።

12ኛው ጠያቂ ጋሼ፣ ቢቲአሩ እውነት ይዋኝ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እንደሚዋኝ፣ አንድ ቀንም እንዳዋኙት፣ ግን የሚያስቅ ታሪክ ስላልሆነ ሌላ ጊዜ እንደሚነግሩን በ13ኛው መለሱ። ሁላችንም ተንጠለጠልን።

በ14ኛው አንድ ወጣት መጣ። ቨርጂኒያ ያደገ፣ ማሪን ሆኖ አራት ዓመት ያገለገለ የአበሻ ልጅ ነው። አማርኛው ትንሽ ይደናቀፋል። ሲጽፍ ግን ቦታው ላይ ያደርሳችኋል። ኤኤቪ ውስጥ በሦስት ረድፍ ጉልበት ለጉልበት ተገጥመህ ትቀመጣለህ። በሩ ሲዘጋ ጨለማ ነው። ከመርከቧ ኋላ ወደ ባሕሩ ስትወርድ አፍንጫው መጀመሪያ ይጠልቃል፤ በጣራው ክዳን ዙሪያ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከዚያ ብቅ ይላል። የናፍጣው ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል። ማዕበሉ ያንገላታሃል። አንዱ ሲያስመልሰው ሽታው ሁለተኛውን ያስመልሰዋል፤ ሁለተኛው ሦስተኛውን። ዳርቻው ላይ ስትደርስ ተኩስ ቢኖር እንኳ በሩ መከፈቱ ብቻ ነው የሚያስደስትህ አለ። ለቁርስ እንቁላል እንዳትበሉ ሲልም መክሮናል።

15ኛው ቦስተን ውስጥ ቱሪስት ስለሚያመላልሱት ዳክዬ ስለሚባሉ መኪናዎች አነሳ። ልጁን ይዞ ተሳፍሮ ወንዙ ውስጥ ሲገቡ ልጁ ያበደ ደስታ እንደተደሰተ ነው የጻፈው። ዝርያቸው የሁለተኛው ጦርነት ዳክ ነው፤ ባለ ስድስት ጎማ፣ ከ21,000 በላይ የተሠራ። ብረት ለበስ አይደለም፣ የሚዋኝ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ የጎማውን አየር ቀንሶ አሸዋ ላይ መውጣት፣ መልሶ ነፍቶ አስፋልት ላይ መንዳት ይችል ነበር። እኔ እስከ ዛሬ በእጄ ነው የማስነፋው።

16ኛው ይህን ሁሉ ሳቅ አቆመው። የጻፈው አጭር ነበር። ጁላይ 30 ቀን 2020፣ ሳን ክሌመንቲ ደሴት አጠገብ፣ ከኔ መንገድ ማዶ ማለት ነው፣ አንድ ኤኤቪ ወደ መርከቡ ሲመለስ ውሃ ገባበት። 16 ሰው ይዞ ነበር። ዘጠኙ ሞቱ፤ ስምንት ማሪንና አንድ የባሕር ኃይል የሕክምና ባልደረባ። መኪናው ወደ 117 ሜትር ጥልቀት ወረደ። ምርመራው ያወጣው የጠላት እጅ አልነበረም። ያረጀና ያልተጠገነ መኪና፣ ያላለቀ ሥልጠና፣ በአጠገብ ያልነበረ የነፍስ አድን ጀልባ፣ እና ከሁሉም የከፋው ውጡ የሚለው ትዕዛዝ መዘግየቱ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ መውጣት ነበረባቸው። በመጨረሻ ክዳኑ ሲከፈት ማዕበል ገባ። በ2021 መጨረሻ ላይ ኤኤቪ በመደበኛ ግዳጅ ባሕር ውስጥ እንዳይገባ ተወሰነ።

የቨርጂኒያው ልጅ በ17ኛው ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ። እሱ በነበረበት ጊዜም ወለሉ ላይ ውሃ ማየት የተለመደ ስለነበር ማንም አይደነግጥም ነበር ብሎ። ይሄ መስመር ነው ያላስተኛኝ።

18ኛው የፍጥነቱን ጉዳይ ወደ ቦታው መለሰው። እንዲህ ያለ ሳጥን ውሃውን እየሰነጠቀ አይሄድም፤ ከፊቱ የውሃ ግድግዳ እየገፋ ነው የሚሄደው። ጉልበት ብትጨምርበት ግድግዳው ያድጋል እንጂ ፍጥነቱ ብዙም አይጨምርም። መፍትሔው ውሃው ላይ ተነስቶ መንሸራተት ነው። አሜሪካኖቹ ኢኤፍቪ የሚባለውን በዚህ መንገድ ሞከሩ። ሰንሰለቱን ወደ ውስጥ ያጥፋል፣ ከፊት ጠፍጣፋ ብረት ይዘረጋል፣ 2,700 የፈረስ ጉልበት ይለቅቃል። በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ! ግን በ2006 ሙከራ በአማካይ በየአራት ሰዓት ተኩሉ ይበላሽ ነበር። ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ከወጣበት በኋላ መከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ በጃንዋሪ 2011 ሰረዙት። ከዚያ ነው ፍጥነቱን ትተው ወደ ስምንት ጎማው ኤሲቪ የዞሩት። እሱ 13 ወታደር ይጭናል፤ በዝግታ ይዋኛል።

19ኛው ቻይና ይህን ጨዋታ ጨርሳዋለች ባይ ነው። ዜድቢዲ-05 በዚያው የመንሸራተት ብልሃት ከኤኤቪ እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፣ ባለ 105 ሚሊሜትር መድፍ ወንድምም አለው አለ። 20ኛው አፉን ያዘው። የኤግዚቢሽን ወረቀት ላይ የሚሮጥ ሁሉ ጦር ሜዳ ላይ አይሮጥም፣ ዳርቻ ላይ ተኩስ ሲገጥመው እንይ ብሎ። ትንሽ ተነካከሱ። በነገራችን ላይ ኤሲቪም ቢሆን ንጹህ አይደለም፤ በጁላይ 2022 እዚሁ ፔንድልተን ማዕበል አንዱን በጎኑ አጋድሞታል። ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ 21ኛው ላይ። ሰው ባይጎዳም ለጥያቄዬ ትንሽ ነፍስ ዘርቶልኛል ብዬ ነው።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። 22ኛው ወደብ የሌለው አገር ልጆች ስለ ባሕር ጥቃት ምን አገባን አለ። ከ23 እስከ 31 ያለውን ባልተርክ ይሻላል። ቀይ ባሕር፣ ምፅዋ፣ አሰብ፣ ማን ሸጠ፣ ማን አስረከበ። ሰው ተሳደበ፤ ሁለት መልስ ተሰረዘ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የቀረችኝ 27ኛዋ ብቻ ናት። አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል አባል ሳይጮሁ ጻፉ። ኢትዮጵያ ከሶቪየት ያገኘቻቸው ሁለት የፖልኖክኒ ዓይነት መርከቦች ነበሯት። አፍንጫቸውን ዳርቻው ላይ ያሳርፋሉ፣ የፊት በራቸው ይከፈታል፣ ታንኩ እግሩ ሳይርስ ይወርዳል። ስለዚህ ጥያቄው እኛን አይመለከተንም መባሉ ትክክል እንዳልሆነ ተናገሩና ስለ ሌላው ዝም አሉ። የመድረኩ አስተዳዳሪ በ32ኛው ላይ ስለ መኪና ካልሆነ ክሩን እንደሚዘጋ አስጠነቀቀ።

33ኛው ላይ የቢቲአሩ ሾፌር ተመለሱ። ወንዝ ነበር፤ ክረምት። መሻገር ነበረባቸው። ከመግባትህ በፊት የፊቱን የማዕበል መከላከያ ብረት ታነሳለህ፣ ፓምፑን ትሞክራለህ፣ ከሥር ያሉትን የውሃ ማፍሰሻ ታፖዎች አንድ በአንድ በእጅህ ትነካለህ። እሳቸው ነኩ። አንዷን ግን ረዳታቸው ዘግቻለሁ ስላላቸው አመኑት። ወንዙ መሃል ላይ ጫማቸው ራሰ። ከዚያ ካልሲያቸው። ፓምፑ እየጮኸ፣ ውሃው እየጨመረ፣ ማዶ ሲደርሱ መቀመጫቸው ሥር ነበር። ማንም አልሞተም። ረዳቱ ወርዶ ሲፈልግ ታፖዋን ከሱሪው ኪስ አወጣት። ለማጽዳት ፈትቷት ረስቷታል። ያችን ታፖ ተቀብለው ሌላ ገጠሙ፤ እሷን ግን እስከ ዛሬ ቤታቸው አስቀምጠዋታል።

34ኛው ላይ የቨርጂኒያው ልጅ ፎቶ ለመናቸው፤ አባባ እባክዎ እያለ። 35ኛው ፎቶው ነው። የዛገች፣ ወፈር ያለች ታፖ ከቡና ሲኒ አጠገብ፤ መጠኗ እንዲታይ ይመስለኛል።

36ኛው ቢሾፍቱ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። እሳቸውን በጣም እንደሚያከብር ገልጾ፣ ፎቶውን አጉልቶ ጥርሱን እንደቆጠረው፣ ይህች ታፖ ግን የቢቲአር ሳትሆን የኡራል መኪና ትመስለኛለች ብሎ ጻፈ። አባትየው እስካሁን አልመለሱም።